ክሊኒኩ ይፈቀዳል፤ የውሻ ማደሪያው ግን ሌላ ጥያቄ ነው

ሰላም ዶክተር። ብዙ ባልደረቦቻችን ይህን የሚጠይቁት ውል ከፈረሙ በኋላ ነው፤ እርስዎ ሳይፈርሙ ማንሳትዎ በጣም ጥሩ ነው። እንደገባኝ ያገኙት ቦታ ዋና መንገድ ዳር ያለ የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ወለል ነው፤ ከላይ ሰዎች የሚኖሩባቸው አፓርታማዎች አሉ። ከፊት ክሊኒክና ቀዶ ሕክምና፣ መሐል ላይ ተኝተው ለሚታከሙ እንስሳት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ሃያ ያህል ውሾች የሚያድሩበት የቤት ውስጥ ማደሪያ ሊከፍቱ አስበዋል። አከራዩ «ቦታው የንግድ ዞን ነው፣ ምንም አያሳስብም» ብለውዎታል።

አከራዩ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የጥያቄዎን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው። እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከመኖሪያ ቤቶች ሥር ያለ ሆስፒታል ለዓመታት መርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ቦታ የሚፈልጉ ባልደረቦቼን የፈቃድ ማመልከቻ በማዘጋጀት አግዛለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎት።

አብዛኞቹ የከተማ ደንቦች ክሊኒክንና የውሻ ማደሪያን አንድ አድርገው አያዩም። ክሊኒክ እንስሳው ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቱ ጋር የሚወጣበት ቤት ነው፤ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ወይም እንደ ቢሮ ተቆጥሮ በንግድ ዞን ያለ ብዙ ጣጣ ይፈቀዳል። ሆስፒታል ሲሆን አዳር ይጨመራል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ግሉኮስ የተተከለለት እንስሳ ማደሩ ግድ ስለሆነ ደንቡ አዳሩን የሕክምናው አካል አድርጎ ይቀበለዋል። ባለቤቱ መንገድ ስለወጣ ብቻ የሚያድር ጤነኛ ውሻ ግን በደንቡ ዓይን ታካሚ አይደለም። እሱ ያደረበት ክፍል የውሻ ማደሪያ ይባላል፤ ይህ ደግሞ በብዙ ከተሞች የሚፈቀደው ወይ ጎረቤት ተጠርቶ በሚሰማበት ልዩ ፈቃድ፣ ወይ በቀላል ኢንዱስትሪ ዞን ብቻ ነው። ሕንፃው አንድ፣ በሩ አንድ፣ ሐኪሙም አንድ ሆኖ ሳለ የፊት ክፍሉ ሕጋዊ፣ የኋላው ሕገወጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፕላን ቢሮ ሲሄዱ «እዚህ ቦታ የእንስሳት ክሊኒክ መክፈት ይቻላል ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ይቻላል» ይሉዎታል፤ ያ መልስ ግን ማደሪያውን አይጨምርም። የሚሠሩትን ሁሉ ዘርዝረው በደብዳቤ ያስገቡ፦ ስንት እንስሳ እንደሚያድር፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ታካሚ ስንቱ ጤነኛ እንደሆነ፣ ማጠቢያና ጸጉር መቁረጫ መኖሩን፣ የቀን ማቆያ መኖሩን፣ ሌሊት ሠራተኛ መኖሩን። መልሱንም ፊርማና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይቀበሉ። በመስኮት በኩል በቃል የተሰጠ መልስ ያንን የተናገረው ሠራተኛ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ርቀትንም ይመልከቱ። የውሻ ማደሪያ ከመኖሪያ ይዞታ 30 ወይም 60 ሜትር መራቅ አለበት የሚሉ ደንቦች በየቦታው አሉ። ቁጥሩን ብቻ አይያዙ፤ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ያንብቡ። ከውሾቹ ክፍል ግድግዳ እስከ ጎረቤት ቤት ግድግዳ ሲለካ የሚያልፍ ቦታ፣ ከአጥር እስከ አጥር ሲለካ ሊወድቅ ይችላል። ሕንፃው ራሱ መኖሪያ ሲኖረው ደግሞ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ይህ ነው።

በእኔ እምነት ይህ የርቀት ድንጋጌ ለቤት ውስጥ ማደሪያ አይስማማም። ሰማይ ሥር፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ለሚያድሩ ውሾች ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። እዚያ ርቀት ይሠራል፤ በገላጣ ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። በአራት ግድግዳና በጣሪያ ለተዘጋ ክፍል ግን ወሳኙ ግድግዳው ነው። በደንብ የተሠራ ክፍል 10 ሜትር ላይ ሆኖ ከጎረቤት ጋር በሰላም ሊኖር ይችላል፤ በግዴለሽነት የተሠራ 60 ሜትር ርቆም ሰፈር ይረብሻል። እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩክሊድ በምትባል መንደር ጉዳይ የዞን ደንብን (የትኛው ሥራ የት እንደሚፈቀድ የሚወስነውን) ሕጋዊነት ሲያጸና፣ አዋኪ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ተገቢ ነገር ያለቦታው መገኘቱ ነው ብሎ ነበር፤ በረት መሆን ሲገባው ሳሎን እንደተገኘ አሳማ። የዞን ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚያስቡት እንደዚያ ነው። ውሻ ይወዳሉ ወይስ ይጠላሉ የሚለው አያገባቸውም፤ ከግድግዳዎ ውጭ ምን ይወጣል ነው ጥያቄያቸው።

ከግድግዳ የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሲከሽፉ ካየኋቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ የከሸፉት በዚህ ነው።

አንድ ትልቅ ውሻ በቅርብ ሲጮኽ 90 ዴሲቤልን ያልፋል። ብዙ ውሾች ያሉበት ክፍል 100 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ስለሆነ፣ እዚያ ክፍል የሚሠራ ሰው የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል። አሁን ወደ ላይ ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሌሊት መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30፣ ድንገት የሚነሳ ድምፅ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የውሻ ጩኸት ድንገተኛ ነው። ከ100 ወደ 45 ለማውረድ በውሾቹና በተኛው ሰው መካከል ያለው ነገር 55 ዴሲቤል መቁረጥ አለበት። 15 ሳንቲሜትር ድፍን የኮንክሪት ወለል ከ50 እስከ 55 ያህል ይቆርጣል፤ በወረቀት ላይ አፋፍ ላይ ነው ማለት ነው። በውስጡ ባዶ ብሎኬት ያለበት ወለል ከሆነ ከዚያም ይቀንሳል። አንድ አንድ ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ጎን የተመታበት ተራ ክፍልፍል ደግሞ 35 ገደማ ነው፤ ከጎን ያለው ተከራይ በዚህ ብቻ ከተለየ ማለፉን እርሱት።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ደግሞ ቀዳዳ ከሌለ ነው። የግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛ ያህል ክፍተት ካለው፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር አጠቃላይ አቅሙ 20 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ይቀራል። አንድ ባልደረባችን ዘንድ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ማደሪያው ጥሩ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ጣሪያው በሁለት ድርብ ጂፕሰምና በድንጋይ ሱፍ ተሸፍኖ ነበር። ከላይ ያሉት እናት ግን «ውሻው መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ያለ ያህል ይሰማኛል» እያሉ በየሳምንቱ ለአስተዳደሩ ያመለክቱ ነበር። ሰው ሁሉ አጋነኑ አላቸው። ማምሻውን እቤታቸው ገብተን የድምፅ መለኪያውን መኝታ ቤት ስናስቀምጠው ምንም አያሳይም፤ መታጠቢያ ቤት ከሽንት ቤቱ ኋላ ስናስጠጋው ቁጥሩ ብድግ አለ። ወደ ታች ወርደን አንዱን የጣሪያ ሰሌዳ ስናነሳ የፍሳሽ ቧንቧው ወለሉን የሚበሳበት ቀዳዳ ከቧንቧው ሁለት ጣት ይሰፋል፤ ዙሪያው በስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቋል። ያ ቀዳዳ በድምፅ መድፈኛ ማስቲክ ተሞልቶ ቧንቧው ከተሸፈነ በኋላ አቤቱታው ቆመ። እኚያ እናት ከመጀመሪያውም ልክ ነበሩ።

ስለዚህ የአኮስቲክ ባለሙያ ሲቀጥሩ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር፣ ስለ በር ሥር ክፍተትና ስለ አየር ቱቦ ይጠይቁት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ መሰል ነገር ድምፅ ያግዳል የሚል ነጋዴ ካገኙ አይመኑት። እሱ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ለውሾቹም ለሠራተኛውም ጥሩ ነው፤ ወደ ጎረቤት የሚያልፈውን ግን የሚያግደው ክብደት፣ በመሐል ያለ የአየር ክፍተትና ድፍን መሆን ነው። የሚለጥፉትም ቢሆን የሚታጠብና መድኃኒት የሚረጭበት ዓይነት ይሁን።

ከግንባታ ይልቅ በርካሹ ብዙ የሚለውጠው አቀማመጥ ነው። ውሾቹን የሕንፃው የውጭ ግድግዳ ላይ አያስጠጉ፤ መሐል ያድርጓቸውና ዙሪያቸውን መጋዘን፣ ልብስ ማጠቢያና ኮሪደር ይክበባቸው። መግቢያው ላይ ሁለት በር በተከታታይ ይሁን፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ሃያውን በአንድ አዳራሽ ከማጎር አራት አራት አድርጎ መክፈል ይሻላል። ጎጆዎቹ ፊት ለፊት አይተያዩ፤ ውሻ ውሻ ሲያይ ይጮኻል፣ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ይከተላል። ጎህ ሲቀድ ሠራተኛው ቁልፉን ሲያንቀጫቅል፣ ምግብ መጣ ብለው ሁሉም በአንዴ የሚነሱባት ደቂቃ አለች፤ የጎረቤት አቤቱታ የሚወለደው በብዛት በዚያች ደቂቃ ነው። የጠዋቱን ምግብ ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ ማድረግ ምንም አያስወጣም። ድመቶች ደግሞ በፍጹም ጩኸቱ የማይደርስበት ቦታ ይሁኑ፤ የታመመች ድመት በውሻ ጩኸት ውስጥ ምግብ አትቀምስም።

ሽታውን በአጭሩ ልለፈው። ለእንስሳት ማደሪያ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ የክፍሉ አየር እንዲለወጥ ይመከራል። የሚወጣው አየር ከጣሪያ በላይ ይውጣ እንጂ መስኮቶች ወደሚከፈቱበት ጓሮ አይለቀቅ፤ ከአፓርታማዎቹ የአየር መስመር ጋርም ፈጽሞ አይገናኝ። የውሾች ተላላፊ ሳል በአየርም ስለሚዛመት ማደሪያውና የሕሙማን ክፍሉ አንድ አየር መጋራት የለባቸውም። ተላላፊ በሽታ ያለበት እንስሳ የሚቆይበት ክፍል አየሩ ወደ ውስጥ የሚሳብ፣ ወደ ኮሪደር የማይወጣ ይሁን።

ውሃው ላይ ገምጋሚዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ሊሆኑም ይገባል። የማጠቢያ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር እንጂ ወደ ዝናብ ቦይ መግባት የለበትም። ዓይነ ምድር መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ ይታጠባል፤ መውረጃው ላይ ጸጉር መያዣ ይደረጋል። ውሾችን በከባድ ተቅማጥ የሚጥለው የፓርቮ ቫይረስ አካባቢ ላይ ለወራት እንደሚቆይና ተራ ሳሙና እንደማይበግረው እርስዎ ያውቃሉ። በረኪናው 1 ለ32 ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ወለል ስንጥቅና የሴራሚክ መጋጠሚያ የበዛበት ከሆነ ሥራው ከንቱ ነው። ወለሉ ያለ መጋጠሚያ የተቀባ ኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር የወለል ቅብ)፣ ወደ መውረጃው ያጋደለ፣ ግድግዳው ሥር ክብ ሆኖ የሚወጣ ይሁን። ሌፕቶስፓይራ የተባለው ባክቴሪያ በሽንት ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ይህ የሠራተኞችዎም ጤና ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ውሾቹ የት ይጸዳዳሉ? «ሙሉ በሙሉ የቤት ውስጥ» ብለው ጽፈው በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ውሻ መንገድ ዳር ካወጡ፣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ለዚያ የሚሆን መውረጃ ያለው የውስጥ ክፍል ንድፉ ላይ አሳዩ። የራጅ ክፍል መከለያ፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ የሞተ እንስሳ ማቀዝቀዣና በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ የድንገተኛ ሕሙማን መኪና ማቆሚያ፣ እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ፣ ግን መልስ አላቸው። እሳት ላይ ግን አይቆጥቡ። የተዘጋበት እንስሳ ራሱን አያወጣም፤ ሌሊት ሰው ከሌለ የጭስ ጠቋሚው ለሆነ ሰው የሚደውል መሆን አለበት።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታሉን እከፍታለሁ፣ ማደሪያውን እተወዋለሁ። ተኝተው የሚታከሙ እንስሳት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደካሞች ናቸው፣ ሌሊት የሚከታተላቸው ሰው አለ። ሃያ ጤነኛ ውሻ ግን ጉልበት አለው፣ ናፍቆት አለው፣ ይጮኻል። ይቻላል ወይ ካሉኝ በምሕንድስና ይቻላል፤ ግን ከላይ የሚተኙት ሰዎች ፈቃዱ በታደሰ ቁጥር የመናገር መብት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንድ ሌሊት የተከፈተ በር የብዙ ወር መልካም ጉርብትና ያፈርሳል። ማደሪያውን ከላዩ ቢሮ ወይም መጋዘን ባለበት ሕንፃ ይፈልጉለት፤ ሌሊት ማንም የማይተኛበት ጣሪያ ከማንኛውም ጂፕሰም ይሻላል።

ሁለቱንም እዚሁ እሠራለሁ ካሉ፣ ጎረቤቶቹን ልዩ ፈቃዱ ከሚታይበት ስብሰባ በፊት በየቤታቸው ሄደው ያናግሩ። ስብሰባው ላይ የውሻ ቁጥር ገደብ ሊያደርጉብዎት ይሞክራሉ፤ እኔ ቁጥር ብቻውን ደካማ ደንብ ነው ባይ ነኝ፣ አምስት ያልተረጋጉ ውሾች ከሃያ የተረጋጉ ይብሳሉ። በምትኩ እርስዎ ራስዎ መኝታ ክፍል ውስጥ የሚለካ የሌሊት ድምፅ ገደብ ያቅርቡ፣ ከመከፈቱ በፊትና ከተከፈተ በኋላ ገለልተኛ ባለሙያ ይለካ፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር በር ላይ ይለጠፍ። ይህን ያቀረበ አመልካች ለመከልከል አስቸጋሪ ነው።

ውሉን በተመለከተ፦ ከተማው ቢፈቅድም የሕንፃው የጋራ ባለቤቶች መተዳደሪያ ደንብ እንስሳ ማሳደርን ሊከለክል ይችላል፤ ኮፒውን ከአከራዩ ይጠይቁ። ፈቃዱ እስኪወጣ ኪራይ እንዳይቆጠር፣ ለሆስፒታሉም ለማደሪያውም የጽሑፍ ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ያለ ቅጣት እንዲፈርስና ቀብዱ እንዲመለስ የሚል አንቀጽ ይግባ። ሁለቱን አገልግሎቶች በስማቸው ለይተው ያስጽፉ፤ «የእንስሳት ክሊኒክ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ክሊኒኩ ተፈቅዶ ማደሪያው ሲከለከል አከራዩ ውሉ ተሟልቷል ሊሉዎት ይችላሉ።