የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኖኅ ማለት ዕረፍት ነው ወይስ መጽናናት?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጅ እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ «ኖኅ» እንበለው ትላለች። እናቴ ትርጉሙ «ዕረፍት» ነው ስትል ወንድሜ «መጽናናት» ነው ብሎ ይከራከራል። ማን ልክ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው፤ ወንድምዎም ግን ከሜዳ አንሥተው አልተናገሩም።

ስሙ በዕብራይስጥ የሚጻፈው በሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ በኑንና በሔት። ሥሩ ማረፍን ያመለክታል። ዕብራውያን ዕረፍትን «መኑሓ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው፤ የሶምሶን አባት ማኑሄም ስሙ የዚሁ ዘመድ ነው። ክርክሩን ያመጣው ዘፍጥረት 5፥29 ነው። ላሜሕ ልጁን ኖኅ ያለበትን ምክንያት ሲናገር የዕብራይስጡ ቃል «ይናሐሜኑ» ነው፤ «ያጽናናናል» ማለት ነው። ይህ ግስ ግን «ነሐም» ከሚባል ሌላ ሥር የወጣ ነው፤ ከስሙ ጋር በድምፅ ይቀራረባል እንጂ አይወለድም። ላሜሕ በቃል ተጫውቷል ማለት ይቻላል። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ያሳርፈናል» ብሎ ከስሙ ጋር አስማማው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ያሳርፈናል» ነው የሚለው። መጽናናትን የያዘ ስም ከፈለጉ ናሆም ወይም ነህምያ ይበሉት፤ ሁለቱም ከ«ነሐም» የወጡ ናቸው።

በእኛ ዘንድ ሦስተኛ ፍቺም አለ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ምዕራፍ 106 ላይ፣ ሕፃኑ ሲወለድ ገላው እንደ በረዶ ነጭ፣ ጠጉሩም እንደ ነጭ ሱፍ እንደነበር፣ ዓይኑን ሲገልጥም ቤቱ እንደ ፀሐይ እንደበራ ይተርካል። ላሜሕ ፈርቶ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ይሮጣል፤ ማቱሳላም ሄኖክን ሊጠይቅ ይሄዳል። ሄኖክ ስሙን ኖኅ በሉት ያለው ከጥፋት ውኃ የሚተርፍላችሁ እርሱ ነው ብሎ ነው። ለልጅ ስም ሲመርጡ የሚነገር ታሪክ ካስፈለገ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ገልብጠው ቢያነቧቸው «ሔን» ይሆናሉ፤ ሞገስ ማለት ነው። ዘፍጥረት 6፥8 «ኖኅ ግን በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን አገኘ» ሲል፣ አማርኛው የማያሳየው የፊደል ጨዋታ ዕብራይስጡ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ኖኅ፣ ኖህ ወይስ ኖሕ ብዬ ልጻፍ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የግእዝ መጻሕፍት የሚጽፉት በብዙኃኑ ኀ፣ «ኖኅ» ብለው ነው። በዕብራይስጡ ሔት ከተመራን ሐመሩ ሐ ይቀርብ ነበር፤ ይስሐቅን በሐመሩ ሐ የምንጽፈው ያንኑ ሔት ይዘን ነው። የሊቃውንቱ ልማድ ግን «ኖኅ» ስለሆነ እሱን ይያዙ። «ኖህ» ቢሉ ንባቡ አይለወጥም። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ በልደት ምስክር ወረቀትም፣ በክትባት ካርድም፣ በትምህርት ቤት መዝገብም ያንኑ መጻፍ ነው። በግእዝ «ኑኅ» ርዝመት ማለት ስለሆነ የልጁን ስም «ረጅም» ብለው የሚፈቱ አሉ፤ ስሙ ዕብራይስጥ ስለሆነ ያ ፍቺ አይሠራም። ሙስሊም ጎረቤትዎ ልጁን ኑሕ ካለ ግን ስሙ ያው ነው፤ በቁርኣን 71ኛው ሱራ በእርሱ ስም ተጠርቷል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ውጭ አገር ነው። ስሙ እዚህ በጣም በዝቷል ይሉናል፤ አጻጻፉስ ችግር ያመጣል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ መብዛቱ እውነት ነው። በአሜሪካ ከ1999 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው የያዕቆብ እንግሊዝኛ አቻ፣ ጄኮብ ነበር፤ በ2013 ኖኅ ተካውና እስከ 2016 ድረስ መራ። በ2017 ሊያም ቀደመው፤ ኖኅ ሁለተኛ ሆነ። በእንግሊዝና ዌልስም በ2021 እና በ2022 አንደኛ ነበር። እንግዲህ በክፍሉ ሌላ ኖኅ ቢገጥመው አይግረማችሁ። በእኛ አስተያየት ይህ ስሙን ለመተው አያበቃም፤ የአባቱ ስም ይለየዋል።

አጻጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በእንግሊዝኛ ኤን፣ ኦ፣ ኤ፣ ኤች ነው፤ ንባቡ «ኖዋ»። የአማርኛውን ድምፅ ተከትሎ ኤዋን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ አስተማሪው «ኖ» ብሎ ይጠራዋል። ኤችዋን መጣል ደግሞ የባሰ ነው፤ በእስራኤል ኖዓ ለሴት ልጅ የሚሰጥ፣ እጅግ የተለመደ ስም ነው። ስሙ ከኖኅ ጋር አይዛመድም፤ ሥሩ መንቀሳቀስ ማለት ነው፤ ዘኍልቍ 27 ላይ ርስት ከጠየቁት ከሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች የአንዷ ስም ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችሁ ወንድ ልጅ ሲያስመዘግቡ የእንግሊዝኛ ወረቀት ብቻ ይዘው ከቀረቡ ጸሐፊው በሴቷ ስም ሊገለብጠው ይችላል፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ሊመስል ይችላልና። መፍትሔው በዕብራይስጥ ኑንና ሔትን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ማቅረብ፣ ከመፈረም በፊትም ፊደሎቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን መቁጠር ነው። አራት ከሆኑ ኖዓ ተብሎ ተጽፏል።