የአሮጌ በረት ፍርስራሽ ዋጋ አለው

እህቴ፣ ደሴ ጢጣ ያለውን የአባትሽን አሮጌ የከብት በረት «ገንዘብ አልፈልግም፣ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ብቻ ስጡኝ» ላለሽ ሰው ላስፈርስ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ ግን ገና አትስጪው። እኔ በዚሁ ተሸውጃለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ኮምቦልቻ የነበረውን የአያቴን በረት እንዲሁ «በነጻ» ለአንድ አፍራሽ ሰጠሁ። 12 ሜትር በ6 ይሆናል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሰውዬው ሦስት ልጆች ይዞ መጣ። ደስ ብሎን ቡና ሁሉ አፈላንላቸው። በሁለት ቀን ቆርቆሮው ወረደ፣ ክዳኑን የያዘው ወራጅ እንጨት ወረደ፣ የጽድ ቋሚዎቹ ተነቅለው ጋሪ ላይ ተጫኑ። በሦስተኛው ቀን ስልክ አያነሳም። የቀረልኝ የጭቃ ክምር፣ ድንጋይና ምስጥ የበላው ባሕር ዛፍ ነው። ያንን በአይሱዙ ለማስወጣት የከፈልኩት እኔው። አክስቴ እስከ ዛሬ «ጽዱን ድሮ ጭቃውን ያገባ» እያለች ትስቅብኛለች።

ምስጥ ባሕር ዛፉን ሲጨርሰው ጽዱን ብዙም አይደፍረውም። የአያቴ ቋሚዎች መሬት ውስጥ የነበረው ጫፋቸው እንኳ ደህና ነበር። የድሮ ቆርቆሮም አሁን ገበያ ላይ ካለው ብዙውን ጊዜ ይወፍራል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ቢያንስ ለአጥር ይፈለጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሪ። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ቋሚ፣ ስንት ወራጅ። ፎቶ አንሺ። እንጨት ሻጩንም ቆራሌውንም ስንት እንደሚገዙሽ ጠይቂ። ከዚያ ከሰውዬው ጋር ተቀመጪ። ምናልባት እሱ ነው ጨምሮ የሚከፍልሽ!

ውሉ በወረቀት፣ በሁለት ምስክር ይሁን። ለእኔ የጎደለኝ አንድ መስመር ነበር፦ ጽዱና ቆርቆሮው ከግቢ የሚወጣው ጭቃው ወጥቶ፣ የቋሚው ጉድጓድ ተደፍኖ፣ ቦታው ከተጠረገ በኋላ ነው። ይህቺን አስገቢ። ፍርስራሹ የት እንደሚደፋም ይጻፍ። ወስዶ ቦርከና ወንዝ ዳር ቢደፋው ጣጣው ወደ አንቺ ይመጣል።

ሥራ ሳይጀመር ስለ ፈቃዱ ቀበሌ ጠይቂ፣ መብራት ካለው በባለሙያ ይቆረጥ። አፈራረሱ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቆርቆሮ፣ ወራጅ፣ ከዚያ ግድግዳ። ቶሎ ለመጨረስ ግድግዳውን ከሥር ቆፍረው ሊጥሉ የሚፈልጉ አሉ፤ እሺ እንዳትይ፣ ሰው ላይ ይወድቃል። አቧራው ጎረቤት እንዳያጣላሽ ውሃ ይርጩበት። የዛገ ሚስማር በጆንያ ይለቀም፤ መንጋጋ ቆልፍ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጨርሺው። ክዳኑ የተነሳ ጭቃ ቤት በደሴ ዝናብ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ።

በኋላ የባለቤቴን ቤተሰቦች በረት ደሴ ላይ ሳስፈርስ አንድ አናጺና አራት የቀን ሠራተኛ ያዝኩ። አምስት ቀን ፈጀ። ኪሴን ነካኝ፣ ግን ጽዱ ቀረልን፤ ግማሹ ዛሬ የግቢ በር ነው።

ቋሚው ጽድ ይሁን ሌላ መለየት ካቃተሽ በቢላ ትንሽ ላጥ አድርገሽ አሽትቺው። የጽድ ሽታ አይጠፋሽም።