ልጄ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ክፍል የምትማር የ8 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ባጃጁ ሊወስዳት ሲመጣ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ አንዳንዴም ያስመልሳታል። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት። ሐኪም ቤት ወስጃት ምንም አልተገኘባትም። ማታም ብቻዋን አልተኛም ትላለች። አባቷ የሞያሌ መስመር ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሲሆን «አባዬ ደረሰ?» እያለች ደጋግማ ታስደውለኛለች። እሱ «እያስመሰለች ነው፤ ያሞላቀቅሻት አንቺ ነሽ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ጠበል ውሰጃት ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት መሄድዎ ትክክል ነው። ጃርዲያና አሜባም ሆድ ይቆርጣሉና እሱን ማጣራት ያስፈልግ ነበር። ምንም አልተገኘም ማለት ግን ልጅቷ ዋሸች ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድ ይታወካል፣ ያቅለሸልሻል። አዋቂ ሰው «ጨንቆኛል» ይላል። ልጅ ግን ያመማትን ቦታ ነው የምትነግርዎ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሆድ ሕመሙ ይበልጥ ያሳሰበኝ ስልኩ ነው። የምትወደው ሰው አንድ ነገር እንዳይሆንባት የምትሰጋ ልጅ ከቤት መውጣት ያስፈራታል፤ ብቻዋን መተኛትም እንደዚያው። ሆዱም፣ እንቅልፉም፣ ስልኩም ከአንድ ፍርሃት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የመለየት ጭንቀት እንለዋለን። በጨቅላነት ጤናማ ነው። በዚህ ዕድሜ ግን ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየና ከትምህርት ካስቀረ ትኩረት ይፈልጋል። እስቲ ያስታውሱ፤ ቤት ውስጥ ስለ መኪና አደጋ ተወርቶ ነበር? ቡና ላይ ስናወራ ልጆች ጨዋታ ላይ ያሉ ይመስለናል፤ ጆሯቸው ግን እኛ ዘንድ ነው።

ይህ ግን ግምቴ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥም የሚያስፈራት ነገር ሊኖር ስለሚችል ሳይጠይቋት አይደምድሙ። ጠዋት በጥድፊያ ሳይሆን ፀጉሯን ሲሠሯት ወይም ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸሩ ይጠይቋት። «ማን መታሽ?» አይበሏት፤ «ትምህርት ቤት የማትወጂው ሰዓት የቱ ነው?» ይበሏት። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። የመታት ወይም ያለ አግባብ የነካት ሰው እንዳለ ከነገረችዎ ይመኗት፤ ከሁሉም በፊት ከዚያ ሰው ያርቋት።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ግን ቤት አያስቀሯት። አውቃለሁ፣ እያለቀሰች መላክ ለእናት አንጀት ይበላል። ነገር ግን በቀረች ቁጥር ፍርሃቱ ለጊዜው ይለቃታል፤ «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» ብላም ትማራለች። በማግስቱ ይብስባታል። «ሆድሽን እንዳመመሽ አምናለሁ፤ አብረን እንሄዳለን» ይበሏት። መጀመሪያ እስከ ክፍሏ ያድርሷት፣ ሲለምድላት እስከ ግቢው በር፣ በኋላ እስከ ባጃጁ ብቻ። መምህርቷ በር ላይ እንድትቀበላት ቀድመው ያነጋግሯት።

ስልኩንም ሰዓት ያብጁለት። አባቷ ዲላም ሆነ ያቤሎ ሲያድር ማታ አንዴ ይደውልላት። ኔትዎርክ የሚጠፋበት ቦታ እንዳለ ራሱ አስቀድሞ ይንገራት፤ አለበለዚያ ያልተደወለበት ማታ ይከብዳታል። በመሀል ስትጠይቅዎ «ማታ ሲደውል ትጠይቂዋለሽ» ይበሏት። «አባትሽ ምንም አይሆንም» ብለው ግን ቃል አይግቡላት፤ ተጠንቅቆ እንደሚነዳ፣ ሲደክመው አቁሞ እንደሚያርፍ ይንገሯት።

ለባለቤትዎ ይህን ያንብቡለት፦ ወንድሜ፣ ልጅህ እያስመሰለች አይደለም። የምትፈራው ምናልባት ላንተ ነው። ቤት ባለህበት ጠዋት እጇን ይዘህ ትምህርት ቤት አድርሳት።

ጠበሉን አልቃወምም። እምነታችሁ ከሆነ ውሰዷት። ግን «የሆነ ነገር ሰፍሮባታል» የሚል ወሬ እፊቷ አይወራ፤ ፍርሃቷን ያባብስባታል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በጥቂት ሳምንታት ካልተሻላት፣ ከቀን ወደ ቀን ከከሳች ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን አይቆዩ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እናንተ ሪፈራል የምትሉት፣ የሥነ አእምሮ ክፍል አለው። እዚያ ይውሰዷት፤ ሕመሙ የሚነሳባትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ።