ብራናው አብጦ መስታወቱን ነካ፤ ካውያ ይደረግበት?

ጥያቄው የመጣው ከጀሞ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ባለ ቤት ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ከ7 ዓመት በፊት ከሠዓሊው እጅ የገዛሁት፣ ብራና ላይ የተሳለ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለኝ። መስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ነሐሴ ላይ መሐሉ አብጦ መስታወቱን ነካ። ከታች በኩል ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ሰፈር ያለ ፍሬም ቤት ሳሳየው፣ በካውያ ተኩሼ ኮምፖልሳቶ ላይ ልለጥፍልዎ አለኝ። ልስጠው ወይ?»

እህቴ፣ አይስጡት። ካውያውም ልጠፋውም ሥዕሉን ይገድሉታል። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ብራና ቆዳ ነው። ፍየሏ ከሞተች በኋላም ቆዳዋ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲደርቅ መልሶ ይተፋል። ክረምት ላይ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይሰበሰባል። በሁሉም በኩል እኩል ቢሰፋ ችግር አልነበረም። ግን በጀርባ በኩል የነበረው ወፍራም ነው፣ በሆድ በኩል የነበረው ስስ ነው። አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይዘገያል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ፍሬም ቤት ብራናን በአራቱም ጠርዝ በስኮች ጠርቆ ነው የሚያስገባው። የእርስዎም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ቆዳው መሄጃ ሲያጣ ወደ መስታወቱ ይነፋል።

አሁን ወደ ካውያው። ብራና ኮላጅን ከሚባል ክር የተሠራ ነው። ይህ ክር እርጥበት ይዞ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል። ያረጀ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይኮማተራል። ካውያ መቆጣጠሪያው ዝቅተኛው ላይ፣ አንድ ነጥብ ላይ ሆኖ እንኳ እስከ 110 ዲግሪ ይሞቃል። አንዴ የተኮማተረ ብራና ደግሞ አይመለስም። ይደርቃል፣ መስታወት ይመስላል፣ ቀለሙም ከላዩ ይረግፋል።

ልጠፋውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራ የጀመርኩበት ቤት አንድ ትልቅ ብራና ክረምት ላይ ኮምፖልሳቶ ላይ በኮላ ለጠፍን። ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ሲያምር ደንበኛው ተደስቶ ሄደ። ጥር ላይ ይዞት ተመለሰ። ቆዳው ሲደርቅ መሰብሰብ ፈልጓል፤ ኮላው አልለቀቀውም። ከላይ እስከ ታች፣ በመላእክቱ ፊት መሐል ተሰንጥቆ ነበር። ያን ሥዕል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ኮላ የነካው ብራና ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

እርስዎ መጀመሪያ ከግድግዳው ያውርዱት። ጠረጴዛ ላይ መስታወቱን ወደ ላይ አድርገው ያስተኙት። የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርገው ያብሩበትና በደንብ ይዩ። መስታወቱን የነካው ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ፣ ውሃ የነካው የሚመስል ከሆነ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አይላቅቁት። ፍሬሙን ገልብጠው ከኋላ ያለውን መክደኛ ብቻ በቀስታ ያንሱና ጀርባው አየር እያገኘ ለሳምንታት ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ ቆዳው ሲደርቅ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ለሥዕል ጥገና ባለሙያ ይስጡት፤ በቢላ የሚሞክር ሰው ጋ ግን አይድረስ።

ካልተጣበቀ ሥራው ይቀላል። ከፍሬሙ ያውጡት። ስኮቹን ከብራናው ላይ አይንቀሉት፤ ከካርቶኑ በኩል በምላጭ ይቁረጡትና ቁራጩ እዚያው ይቆይ። ከዚያ ፀሐይ በማይገባበት ደረቅ ክፍል፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተው 2 ወይም 3 ሳምንት ይተዉት። ማሞቂያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የበረንዳ ፀሐይ የሚባል ነገር አያስጠጉት። ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከላዩ መጽሐፍ አይጫኑበት፤ ቀለሙ እርጥበት ይዞ ከሆነ ከወረቀቱ ጋር ይሄዳል።

ነጩ ነጠብጣብ ጥጥ የመሰለና የጓዳ ሽታ ያለው ከሆነ ሻጋታ ነው። እርጥብ እያለ ከነኩት ይቀባባል፣ ወደ ውስጥም ይገባል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ያኔ ማስክ አድርገው፣ ደጅ ወጥተው፣ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያራግፉት። ቀለም የሌለበትን ቦታ ብቻ። በረኪና፣ አልኮል፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ምንም አይነካውም። በአሁኑ ጊዜ ብራና ላይ የሚሳሉ ብዙ ሥዕሎች ውሃ በሚያሟሟው ፖስተር ቀለም የተሠሩ ናቸው። እርስዎ ሠዓሊውን ስለሚያውቁት ደውለው ይጠይቁት። በምን ቀለም እንደሳለው የሚነግርዎት እሱ ነው። ከሠዓሊው እጅ መግዛት ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ሰዎች ግን አይጠቀሙበትም።

ሲደርቅ ትንሽ ሞገድ ይቀርበታል። ይቅርበት። ብራና እንደ ካርቶን ቀጥ ማለት የለበትም፤ ያ ሞገድ የቆዳው ጠባይ ነው።

ወደ ፍሬም ቤት ሲመለሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በመስታወቱና በሥዕሉ መሐል ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን ቀጭን እንጨት በማስገባት ይሠራል። ብራናው አይለጠፍ። ጠርዙን ብቻ በቀጫጭን የወረቀት ማሰሪያ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ ይያዝ፤ ማሰሪያው ቆዳው ሲሰፋና ሲሰበሰብ አብሮት ይላወሳል። ከጀርባው ደግሞ ቡናማ ካርቶን፣ ጋዜጣ ወይም ችፑድ አይግባ። አሲዳቸው እያደር ቆዳውን ያቃጥላል። አሲድ የሌለው ፓስፓርቱ፣ ማለትም ፍሬም ውስጥ የሚገባ ወፍራም ካርቶን፣ ያስፈልጋል፤ እሱ ካልተገኘ ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ ወፍራም ወረቀት ይሆናል። ባለሙያው «ምን ያደርጋል፣ አይታይም» ካለዎት ሌላ ቤት ይሂዱ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ግን ወደዚያው ግድግዳ ከተመለሰ የሚመጣው ክረምት ያው ነው። ጥፋቱ የግድግዳው ይመስለኛል። ምድር ላይ ያለ ቤት፣ የውጭ ብሎኬት፣ ምናልባትም ከጀርባው መታጠቢያ ቤት። በቀላሉ ያረጋግጡ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርገው አራቱንም ጎን በፕላስተር ይዝጉት። ከ2 ቀን በኋላ ውሃው በግድግዳው በኩል፣ ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ ብሎኬቱ እርጥበት ይስባል። ከላስቲኩ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት ይከፈት። ሥዕሉን በሁለት ክፍሎች መሐል ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ከፍሬሙ ጀርባ፣ በታችኛው ሁለት ማዕዘን የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠው ይለጥፉ። አየር ያልፋል። የእርጥበት መለኪያ ቢገዙ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ከ45 እስከ 60 ከመቶ ለብራና ይስማማል። ከ65 ካለፈና ከቆየ ሻጋታ ይመጣል።

ቡና የሚፈላበት ጥግ በላይ አይስቀሉት። የእጣንና የከሰል ጭስ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ብራና ላይ ሲያርፍ አቧራ ይይዛል፣ ቢጫ ያደርገዋል። ፊት ለፊቱ መስኮት ካለም ይተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ አልትራቫዮሌት፣ ያ በዓይን የማይታየው ጨረር፣ ይበረታል። ተራ መስታወት ሁሉንም አያግደውም። የሚታየው ብርሃንም ቀለም ያደበዝዛል፤ ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ የሚያርፈውን ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ብራና ደካማ ነገር እንዳይመስልዎት። አድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌላት በፍየል ብራና ላይ የተጻፉና የተሳሉ ናቸው፤ ከ1,300 ዓመት በላይ ኖረዋል። አባቶች ብራናን በሁለት እንጨት መሐል አድርገው፣ በማኅደር ከተው፣ ከመሬት አንስተው ይሰቅሉታል። ኮላ አልነካውም፤ ፀሐይም እርጥበትም አያገኘውም።

እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይጠብቁት። ያን ጊዜም እብጠቱ ከአንድ ጣት በላይ ከቆየ፣ ብርሃን ከጎን አድርገው ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ጠርዙን በመቆንጠጫ ይዞ ቀስ እያሉ የሚወጥሩበት ዘዴ አለ። እሱን ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩት።