ስለ ቲቢና ስለ ተከላካይ ሴሎቻችን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ቲቢ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የተደጋገሙትን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሳንባ ቲቢ ይዞት ነበር። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን እኔን ለምን አልያዘኝም?

እህቴ፣ ገብቶብሽ ሊሆን ይችላል። መግባትና መታመም ለየቅል ናቸው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ከነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው።

ባክቴሪያው በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው ማክሮፌጅ የተባለውን ሴል ነው። በሰላሙ ጊዜ የዚህ ሴል ሥራ ጽዳት ነው። አቧራውን፣ የምድጃውን ጥላሸት፣ የሞተውን ሴል እየዋጠ ያነሳል። ለነካው ሁሉ ቢቆጣ መተንፈስ ያቅተን ነበር፤ ስለዚህ ትዕግሥተኛ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ያንን ትዕግሥት ይጠቀምበታል። ይዋጣል እንጂ አይፈጭም። የተዋጠበት ከረጢት አሲድና ኢንዛይም ከያዘው ከረጢት ጋር እንዳይገናኝ አድርጎ እዚያው ይራባል።

ከሳምንታት በኋላ ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች ተከላካይ ሴሎች ይደርሳሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይለቃሉ። ያ ጽዳት ሠራተኛ መልእክቱ ሲደርሰው ጠባዩ ይለወጣል፤ የዋጠውን መግደል ይጀምራል። ሌሎቹም ዙሪያውን ተደራርበው ያጥሩታል። ይህ አጥር ግራኑሎማ ይባላል። ያንቺም እዚያ ታጥሮ ተቀምጦ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። ሕመሙ ከሌለብሽ የመከላከያ መድኃኒት አለ።

ጥያቄ፦ ማክሮፌጅን ማን አገኘው?

ኤልያ ሜችኒኮቭ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ። በ1882 በጣሊያን መሲና ከተማ፣ የባሕር ኮከብ በሚባል እንስሳ ብርሃን የሚያሳልፍ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ በርሊን ላይ ይፋ አድርጎ ነበር። አጥቂውና ተከላካዩ በአንድ ዓመት መታወቃቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የአንገቴ እጢ አበጠ፣ ትኩሳትም አለኝ። መድኃኒቱ ጎዳኝ?

ወንድሜ፣ መድኃኒቱን እንዳታቆም! ዛሬውኑ ወደሚከታተሉህ ባለሙያዎች ሂድ። ኤችአይቪ ሲዲ4 የሚባሉትን ቲ ሴሎች ይጨርሳል። እነሱ ሲያልቁ ለማክሮፌጁ የሚነግረው ስለሚጠፋ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይነሳል። አንዳንዴም ያለ እብጠት፣ ድምፁን አጥፍቶ ይስፋፋል። መድኃኒቱ ሲጀመር ሴሎቹ ያገግሙና ያላዩትን ጠላት በአንድ ጊዜ ያዩታል። እብጠቱና ትኩሳቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። የቲቢ ምርመራ ያስፈልግሃል። እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒትም ሐኪም ያዝልሃል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት መድኃኒቱን ይጥላል፤ እዚህ ላይ ደጋግሜ የምጮኸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለመገጣጠሚያ ሕመሜ አዲስ መርፌ ታዘዘልኝ። ለምን መጀመሪያ ለቲቢ መረመሩኝ?

እናቴ፣ ደግ አደረጉ። በእርስዎ ሕመም ተከላካይ ሴሎች የራስዎን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ያዩታል። የሚያቀጣጥላቸው ቲኤንኤፍ የሚባል መልእክት ነው። ከነዚህ መርፌዎች ብዙዎቹ እሱን ዝም ያሰኛሉ፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ችግሩ፣ የቲቢውን አጥር አጽንቶ የያዘውም ያው ቲኤንኤፍ ነው። ዝም ሲል አጥሩ ሊላላ ይችላል።

ጥያቄ፦ የመከላከል አቅሜን ከፍ የሚያደርግ ምን ልብላ? ነጭ ሽንኩርትና ማር ይበቃል?

ይብሉት፣ ይጣፍጣል፤ ቲቢን ግን አያድንም። በቂ ምግብ ማግኘት ወሳኝ ነው፤ የተራበ ሰው በቀላሉ ይታመማል። «ከፍ ማድረግ» የሚለው ነገር ግን አይመቸኝም። ቲቢ ሳንባ ላይ የሚከፍተውን ቀዳዳ በአብዛኛው የሚበሱት የራሳችን ሴሎች የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ናቸው። የሚፈለገው በልኩ መቆጣት ነው።

ጥያቄ፦ የ6 ወሩን መድኃኒት ጨርሼ ነጻ ነህ ተባልኩ። ደረጃ ስወጣ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል።

ውጊያው ሲያበቃ እነዚያው ማክሮፌጆች ወደ ጥገና ይዞራሉ። ቁስሉ እንዲደፈን ያዛሉ፤ የሚደፈነው ግን ብዙ ጊዜ በጠባሳ ነው። ጠባሳ ደግሞ እንደ ሳንባ አይለጠጥም። ስለዚህ ባክቴሪያው ባይኖርም ድካሙ ሊቀር ይችላል። የትንፋሽ አቅም ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ሲጋራ ካለ ተው፤ እርምጃህን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር። ሳል፣ ማላብ ወይም ክብደት መቀነስ ከተመለሰ ግን ለአክታ ምርመራ ፈጥነህ ጤና ጣቢያ ሂድ።