ጎራዴውን ከአፎቱ አውጥተው ያስቀምጡት

ከጅማ የደረሰን ጥያቄ፦ «ከአያቴ የወረስኩት ጎራዴ አለ። ከነአፎቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የከረመው። ክረምቱ ሲወጣ ብመዘው ግማሹ ዝጓል። የሰፈራችን ብየዳ ቤት በግራይንደር አጽድተን ቫርኒሽ እንቀባልሃለን አሉኝ። ልስጣቸው?»

አይስጡ፣ በጭራሽ! እኔም የብረት ሰው ነኝ፣ ግራይንደር ከእጄ አይጠፋም። ግን ለበርና ለመስኮት ነው። ዝገቱን ብቻ ለይቶ አያነሳም፤ ብረቱንም ይልጠዋል። ብዙ የድሮ ጎራዴዎች ላይ አንበሳ ወይም የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ቅርጹ በጣም ስስ ስለሆነ ዲስክ አንዴ ካለፈበት አለቀ። ቫርኒሹ ደግሞ ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ሎሚና ኮምጣጤም ይቅርብዎ። ዝገት ያነሳሉ፣ ግን ብረቱንም አብረው ይበሉታል።

መጀመሪያ በቀን ብርሃን ደህና አድርገው ይዩት። ቀላ ብሎ ጣት ላይ ዱቄት የሚተወው ዝገት ገና እየበላ ያለ ነው፤ እሱ ይነሳ። ጥቁር ሆኖ ብረቱ ላይ ድርቅ ብሎ የተጣበቀው ግን የዕድሜው መልክ ነው። አይንኩት። አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጎራዴውን ጨርቅ ላይ ያጋድሙት፣ ስለቱን ወደ ውጭ ያዙሩት። ቀዩን ዝገት በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያርሱትና ይደር። በማግስቱ በጥጥ ጨርቅ ይሹት። እምቢ ላለው ከመብራት ገመድ ውስጥ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ይምዘዙ፤ ገመዱ ከመብራት ጋር ያልተገናኘ ይሁን። ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርገው በዚያ ይፋቁት። መዳብ ከጎራዴው ብረት ስለሚለሰልስ ብዙም አይጭረውም። ሁልጊዜ በቁመቱ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ። ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል፣ ዘይቱም ይደፈርሳል። ይጥረጉ፣ ሌላ ዘይት ያድርጉ፣ ይድገሙት። ቢያደክምም አይቸኩሉ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ሻካራ ነው፣ አይሆንም። ወርቅማ ቅብ ካዩ እዚያ ጋ መፋቁን ያቁሙ።

ሲጨርሱ ያንኑ ዘይት ስስ አድርገው ይቀቡት። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ይጣበቃል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አሲድ አለበት። ከዚያ በኋላ ብረቱን በባዶ እጅ አይንኩ፣ ላብ ጨው ነው።

ዋናው ጥፋተኛ ግን አፎቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ቆዳው ሲለፋ የገባበት ነገርም ብረት ይጎዳል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሐምሌን አይጠብቅም፣ ከበልግ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ብረቱን ዘይት በነካ አቡጀዲ ጠቅልለው ለብቻው ያስቀምጡ። ላስቲክ ውስጥ አይክተቱ፣ ያልበዋል። ግድግዳው ላይ አፎቱ ብቻውን ይሰቀል። በዝናብ ወራት በየወሩ ገልጠው ይዩት፤ ቀይ ነጥብ ካዩ ያኔውኑ በዘይት ጨርቅ ያንሱት።