ያገለገለ ስኳድራ፣ ተጣጣፊ ሜትርና ካሊፐር ለመግዛት ላሰቡት ወንድሜ

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ገበያ ያለ ሻጭ አሮጌ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማውጫ)፣ ተጣጣፊ የእንጨት ሜትርና ካሊፐር (በመንጋጋ ይዞ ውፍረት የሚለካ) በአንድ ዋጋ አቅርቦልዎት «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ስለሆነ አያሳስብም» እንዳለዎት ጽፈው፣ ልግዛ ወይስ ልተው ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጎንደር በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። መልሴ አጭር ነው፤ እያንዳንዱን ፈትሸው ይግዙ፣ ሻጩ አላስፈትሽም ካለ ትተውት ይሂዱ።

አንደኛ፣ ወሬውን አይግዙ። ጎንደር ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ስለነበረች፣ በከተማችን ዝገት የያዘ ብረት ሁሉ የጣሊያን ይባላል። ጣሊያኖች የሚለኩት በሜትርና በሚሊ ሜትር ነውና ኢንች ብቻ የተጻፈበት መለኪያ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሥራ ነው። የበርሚንግሃሙ ራቦን ወይም የአሜሪካው ስታንሊ ስም ካለበት ዕቃው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና የእነርሱ ተጣጣፊ ብዙ ጊዜ ባለ 36 ኢንች ነው። «አንድ ሜትር» ተብሎ ቢሸጥልዎትም 91.44 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 8 ሳንቲ ተኩል ያህል ይጎድለዋል። ዘርግተው ማጠፊያዎቹን ያወዛውዙ፤ የሚላወስ ከሆነ ይተዉት። የጫፉ ናስ ከተበላም ከዜሮ አይለኩ፤ አንድ ኢንች ገባ ብለው ይጀምሩና ይቀንሱ።

ሁለተኛው ስኳድራው ነው፤ ደሞዜን ያስቆረጠኝ እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ተቀጥሬ በነበርኩበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤቱ ከገበያ የገዙትን አሮጌ ስኳድራ ሰጥተውን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የዋንዛ በሮች እንሠራ ነበር። በሮቹ ሊገጠሙ ሲሉ አንዱም ከመቃኑ ጋር አልስማማ አለ፤ ከላይ ሲነካ ከታች ይከፈታል። ባለቤቱ ስኳድራውን ሳይፈትሹ «የተጣመመው እጅህ ነው» ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋረዱኝ፤ ለተበላሸውም እንጨት ከደሞዜ ቆረጡ። በማግስቱ ጠርዙን በመላጊያ ያቀናሁትን ሳንቃ አምጥቼ የስኳድራውን እጀታ ከጠርዙ ጋር አጣበቅሁና በቀጭን እርሳስ መሥመር ሳብኩ፤ ከዚያም ስኳድራውን ገልብጬ ከዚያው ነጥብ ሌላ መሥመር ሳብኩ። ሁለቱ መሥመሮች ከሥር ገጥመው 30 ሳንቲ ላይ ሲደርሱ በ2 ሚሊ ተለያዩ። መገልበጥ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የስኳድራው ጥመት 1 ሚሊ ነበር፤ 90 ሳንቲ ስፋት ባለው በር ላይ ግን 3 ሚሊ ይሆናል፤ አልዘጋ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም በዓይናቸው አዩት። ባለቤቱ ግን ስኳድራውን ከእጄ ነጥቀው «የጣሊያን ዕቃ አይዋሽም» አሉ፤ የተቆረጠብኝ ገንዘብም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዛሬ በራሴ የእንጨት ሥራ ቤት የሠራኋቸው በሮች በአዘዞም በማራኪም በአንድ ጣት ይዘጋሉ፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

ስለዚህ ወደ ገበያው ሲሄዱ ጠርዙ የቀና ሳንቃና የተቀረጸ እርሳስ ይያዙ። ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ጠፍጣፋ ስኳድራ ትንሽ ቢጣመም ይቃናል፤ ከውስጠኛው ማዕዘን አጠገብ በሹል ብረትና በመዶሻ ሲመታ ይከፈታል፣ ከውጭኛው አጠገብ ሲመታ ይጠባል። የእንጨት እጀታ ያለውና ምስማሩ የላላ ከሆነ ግን አይድከሙበት። እጀታው በብረት ማስመሪያው ላይ የሚንሸራተት ዓይነት ካጋጠመዎት፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው የአሜሪካው መሣሪያ አምራች የስታሬት ሥራ ከሆነ፣ ማጥበቂያውን አጥብቀው ማስመሪያው እንደማይነቃነቅ ያረጋግጡ። ከሌላ ዕቃ ላይ የተወሰደ እጀታ አይጠፋምና ይህንንም በመገልበጥ ይፈትኑት።

የብረት ማስመሪያም ከጨመረልዎት ከአዲስ ማስመሪያ ጎን አስተኝተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተያዩት። ለብረት ማቅለጫ ሞዴል ሠሪዎች ሆን ተብሎ በመቶ አንድ ያህል እንዲረዝም የተሠራ ማስመሪያ አለ፤ የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ሞዴሉ በዚያው ልክ ተልቆ እንዲሠራ ነው። መልኩ ከሌላው አይለይም፤ በአንድ ሜትር ግን 1 ሳንቲ ያህል ያሳስትዎታል። ዝገቱን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል።

ካሊፐሩን መንጋጋዎቹን ዘግተው ወደ ፀሐይ ያንሡት። በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ተበልቷል፤ ብርሃን ሳያልፍ ዜሮው ብቻ ካልገጠመ ግን ልዩነቱን እየቀነሱ ሊሠሩበት ይችላሉ። ሻጩ ሦስቱን አልነጣጥልም ቢልዎት ውሳኔዎን በስኳድራው ላይ ያድርጉ፤ ዋጋውንም ለእርሱ ብቻ እንደሚከፍሉ አስበው ይከራከሩ፤ ለበርና ለመስኮት ሥራ ካሊፐር ብዙም አያስፈልግዎትም።